ፀረ-ተባይን በፀሐይ ማፍረስ፦ ስሱ ሽፋን የሚችለውና የማይችለው

ፀሐይ ሲያርፍበት በውሃ ውስጥ ያለ ፀረ-ተባይ ኬሚካልን የሚሰባብር ሽፋን ተሠራ የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። ዜናው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከሰው ሰው ሲደርስ ግን መልኩ ይቀየራል። "ሐይቅ የሚያጸዳ ቀለም ተገኘ" ወደሚል ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ "ታዲያ ለዝዋይ ለምን አናመጣውም?" የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝዋይ ወይም ደምበል ሐይቅ ዙሪያውን በአበባ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት እርሻ ተከቧል። የባቱ ከተማ ነዋሪ የሚጠጣውን ውሃ ከዚሁ ሐይቅ ይቀዳል። ቆሮሶና አምባዛውም የሚወጣው ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ክሎርፓይሪፎስ የተባለውን የታወቀ ፀረ-ነፍሳት፣ ለጥቂት አገልግሎቶች ጊዜያዊ ፈቃድ ትተው፣ ሊወገዱ ከሚገባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ስምምነቱ በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ውል ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት።

ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። ቴክኖሎጂው እውነት ነው። ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ቦታ የተለየ ነው።

ሽፋኑ ከምን ይሠራል?

ዋናው ንጥረ ነገር ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ነጭ የግድግዳ ቀለም ነጭ የሚሆነው በአብዛኛው በእሱ ነው። በጥርስ ሳሙናና በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥም ይገባል። ርካሽ ነው፣ በውሃ አይሟሟም፣ ፀሐይ ላይ ዓመታት ቢቆይም በቀላሉ አይበላሽም።

ስስ ሽፋን ሲባል ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ንጣፍ ማለት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አብዛኞቹ ሽፋኖች ከመቶ እስከ ጥቂት ሺህ ናኖሜትር ይወፍራሉ። የሰው ፀጉር በአስር ሺዎች ናኖሜትር ይለካል። አንደኛው የአሠራር ዘዴ መስታወቱን በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ ከዚያም እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት መጋገር ነው። መጋገሩ ሁለት ጥቅም አለው። ንጣፉ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። በተጨማሪም አናቴዝ የሚባለውን ለዚህ ሥራ ምቹ የሆነ የክሪስታል ቅርጽ ይይዛል።

ብርሃን መርዝን እንዴት ይሰብራል?

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ ነው። በቂ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲመታው በውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፤ የነበረበት ቦታም ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው። ሽፋኑን ከነካው ውሃ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። በዚህ ጊዜ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጠራል። የተነሳው ኤሌክትሮን ደግሞ በውሃው ውስጥ ወደሟሟው ኦክስጅን ይሄድና ሌላ አጥቂ ቅንጣት ይፈጥራል።

የሃይድሮክሲል ራዲካል ኃይል ቀላል አይደለም። ኬሚስቶች ኦክሲዳይዝ የማድረግ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የመንጠቅ አቅምን በቮልት ይለካሉ። ክሎሪን 1.36፣ ኦዞን 2.07 ሲሆኑ ሃይድሮክሲል ራዲካል 2.8 አካባቢ ነው። ስለዚህ ክሎሪን የማይደፍራቸውን የፀረ-ተባይ ሞለኪውሎች ይሰብራል። ነገሩ እስከ መጨረሻው ከሄደ ከመርዙ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃ፣ እንዲሁም ክሎራይድ፣ ናይትሬትና ፎስፌትን የመሳሰሉ ጨዎች ናቸው። ሂደቱ ፎቶካታሊሲስ ይባላል። ብርሃን ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናል፣ አፋጣኙ ንጥረ ነገር ግን አያልቅም።

ግኝቱ አዲስ አይደለም። ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማ እና ኬኒቺ ሆንዳ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ውሃን ሲሰነጥቅ ማየታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ካናዳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በዚሁ ንጥረ ነገር ዱቄት ፒሲቢ የተባሉትን ግትር የክሎሪን ውህዶች ማፍረስ እንደሚቻል አሳዩ። ራሱን የሚያጸዳ የመስኮት መስታወት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። እንግዲህ ሃምሳ ዓመት የሞላው እውቀት ነው። ይህን ያህል ዘመን ያለው ነገር ለምን በየእርሻው አልተስፋፋም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስት ማነቆዎች

የመጀመሪያው የብርሃኑ ዓይነት ነው። አናቴዝ የሚነቃው ከ387 ናኖሜትር በታች በሆነ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት ብቻ ነው። መሬት ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ውስጥ ይህ ከ4 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። የቀረው ብርሃን ለሽፋኑ ምንም አይጠቅመውም።

ሁለተኛው የኤሌክትሮኑ መመለስ ነው። የተነሳው ኤሌክትሮን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሠራ ወደ ባዶው ቦታ ተመልሶ ይወድቃል። ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሽፋኖች ላይ፣ በተለይ መርዙ በቀጠነ ውሃ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ የብርሃን ቅንጣቶች ሥራ ላይ የሚውለው አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ሃይድሮክሲል ራዲካል ዕድሜው እጅግ አጭር ስለሆነ ከሽፋኑ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። ስለዚህ መርዙ ወደ ሽፋኑ መምጣት አለበት፤ ሽፋኑ ወደ መርዙ አይሄድም። በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሞለኪውል እየተንሳፈፈ ሽፋኑ ላይ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ታዲያ ዱቄቱን ውሃው ውስጥ በትኖ መሥራት አይሻልም? በፍጥነት በኩል ይሻላል። ዱቄት ከውሃው ጋር የሚነካካበት ገጽ ሰፊ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ ከውሃው ለይቶ ማውጣት ከባድም ውድም ነው። ዱቄቱ አምልጦ ወንዝ ቢገባ ደግሞ ሌላ ብክለት ነው። ሽፋኑ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። ፍጥነት ቀንሶ ጣጣውን አቃለለ።

ተመራማሪዎች ማነቆዎቹን ለማላላት እየሠሩ ነው። ናይትሮጅን የተጨመረበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በሚታይ ብርሃንም እንደሚነቃ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ታይቷል። ቢስሙዝ ቫናዴትና ካርቦን ናይትራይድ የተባሉ ሌሎች ቁሶችም ሰፊ ጥናት እየተደረገባቸው ነው። እነዚህ ከፀሐዩ ብዙ ድርሻ ይጠቀማሉ። ነገር ግን በሚታይ ብርሃን የሚነቃ ቁስ በአብዛኛው የማጥቃት አቅሙ ያነሰ ነው። እንደ ዚንክ ኦክሳይድ ያሉ ሌሎች ቁሶች ደግሞ ብርሃን ላይ ቀስ በቀስ ራሳቸው ይሟሟሉ። "በተራ ብርሃን ይሠራል" የሚል ዜና ሲመጣ ሽፋኑ ለስንት ሰዓት ተሞከረ፣ ከሃያ ዙር በኋላስ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ጠፋ ወይስ ተለወጠ?

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዜናዎቹ "95 በመቶ ተወገደ" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ሞለኪውል ብቻ ነው። ያ ሞለኪውል ተሰበረ ማለት ውሃው ከመርዝ ነጻ ሆነ ማለት አይደለም።

ክሎርፓይሪፎስን እንውሰድ። ራዲካሉ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን ድኝ በኦክስጅን መተካት ነው። በዚህ ክሎርፓይሪፎስ ኦክሶን የሚባል ውህድ ይፈጠራል። ነርቭን የሚያውከው እንግዲህ በተለይ ይህ ነው። ነፍሳቱም ሆነ ሰው ሲመረዝ በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው ዋናው አጥቂ እሱ ነው። በመሆኑም ሂደቱ መሀል ላይ ቢቋረጥ፣ ለምሳሌ ደመና ቢመጣ ወይም ውሃው ቶሎ ቢለቀቅ፣ የሚወጣው ውሃ ከገባው የባሰ ሊሆን ይችላል። ሂደቱ በቂ ጊዜ ካገኘ ኦክሶኑም ይፈርሳል። የጊዜው ጉዳይ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አትራዚን የተባለው የአረም መድኃኒት ሌላ ባሕርይ አለው። ሲፈርስ ሲፈርስ ሳይኑሪክ አሲድ ላይ ይደርስና ይቆማል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የዚህን ውህድ ቀለበት መስበር አይችልም። ደግነቱ ሳይኑሪክ አሲድ መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው። በቲማቲም ገበሬው ዘንድ የታወቀው ማንኮዜብ ደግሞ ማንጋኒዝና ዚንክ አለው። ብረታ ብረት ንጥረ ነገር ስለሆነ በብርሃን አይፈርስም። ፍሎራይድም እንዲሁ ነው። የስምጥ ሸለቆን ውሃ ለዘመናት ያስቸገረው ፍሎራይድ በዚህ መንገድ አይወገድም።

ትክክለኛው መለኪያ ምን መሆን አለበት? አንዱ በውሃው ውስጥ የቀረውን አጠቃላይ ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት ነው። የመጀመሪያው መርዝ ጠፍቶ ካርቦኑ እዚያው ካለ፣ መርዙ ስሙን ቀይሮ ተቀምጧል ማለት ነው። ሁለተኛው የሕይወት ሙከራ ነው። ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት በታከመው ውሃ ውስጥ በሕይወት ይቆያሉ ወይ ተብሎ ይታያል። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኬሚካላዊው ምርመራ ያላያቸውን የስባሪዎች ጉዳትም ያሳያል።

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ሙከራ ልማድ አንድ ነገር ልጨምር። በርካታ ጥናቶች ሽፋኑን የሚፈትኑት ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው። ርካሽ ነው፣ ሰማያዊው ሲደበዝዝም በዓይን ይታያል። ነገር ግን ማቅለሚያው ራሱ ብርሃን ስለሚውጥ ከሽፋኑ ሥራ ውጭ በሆነ መንገድም ሊደበዝዝ ይችላል። በሜቲሊን ብሉ የተገኘ ውጤት ስለ ክሎርፓይሪፎስ ወይም ስለ ማንኮዜብ ብዙም አይነግረንም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከማቅለሚያ ወደ እውነተኛ ፀረ-ተባይና ወደ እውነተኛ የሐይቅ ውሃ ቢሻገሩ ትልቅ እርምጃ ይሆናል።

ሐይቅ ላይ ለምን አይሆንም?

ዝዋይ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ሲባዛ ከ1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይሆናል። ሽፋን በየዳርቻው ብንዘረጋ ውሃው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ አይነካውም።

ሌላም ችግር አለ። የዝዋይ ውሃ ደፍራሽ ነው። አልትራቫዮሌት በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይርቅ ይቀራል። ሽፋኑ ላይም አልጌና ደለል ይለጠፋል። በዚያ ላይ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛዋል። ባይካርቦኔት ሃይድሮክሲል ራዲካልን ቀድሞ ስለሚይዘው ለመርዙ የሚተርፈው ይቀንሳል። በንጹህ የተጣራ ውሃ የተገኘ የቤተ ሙከራ ቁጥር እዚህ ሲደርስ በእጅጉ ይወርዳል።

ዋናው ነጥብ ግን የመጠን ጉዳይ ነው። መርዙ በቀጠነ ቁጥር ሽፋኑ በሰዓት የሚሰብረው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚደርስበት ሞለኪውል ጥቂት ነውና። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የአንድ ፀረ-ተባይ መጠን በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም መርዝ ብቻ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃን እስከ ገደቡ ያደርሰዋል። ያቺ አንድ ግራም በባልዲ ውስጥ ሳለች ለመያዝ ቀላል ናት። ሐይቅ ከገባች በኋላ መሰብሰብ አይቻልም።

አንድ ሌላ መደናገርም ይነሳል። ውሃን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ የማስቀመጥ ዘዴ ጀርሞችን ለመግደል ይረዳል። ፀረ-ተባይን ግን አያስወግድም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በፀሐይ መጠቀማቸው ላይ ብቻ ነው።

የአልሜሪያ ተሞክሮ

በደቡብ ስፔን ያለችው አልሜሪያ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናት። ወደ 30 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት በፕላስቲክ ግሪንሃውስ ተሸፍኖ አትክልት ለአውሮፓ ይመረትባታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በታቤርናስ በረሃ ትልቅ የፀሐይ ምርምር ማዕከል አለ። ችግሩና እውቀቱ ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል።

እዚያ ፀሐይን ለሥራ ያዋሉት ባሕር ወይም ወንዝ ለማጽዳት አልነበረም። ያገለገሉ የፀረ-ተባይ ዕቃዎች ለዳግም አገልግሎት ሲታጠቡ የሚወጣውን እጣቢ ለማከም ነው። ውሃው ትንሽ ነው፣ መርዙ ግን ወፍራም ነው፣ የሚወጣውም ከአንድ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ላ ሞሆኔራ በተባለ አካባቢ ለዚህ የተሠራው ማከሚያ ወደ 150 ካሬ ሜትር የፀሐይ መሰብሰቢያ ነበረው።

ልብ የሚባለው ነገር፣ በፎቶካታሊሲስ ለዓመታት የሠሩት ሰዎች ለዚህ ማከሚያ የመረጡት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን አለመሆኑ ነው። የመረጡት ፎቶ-ፌንተን የሚባለውን ነው። በዚህ ዘዴ የብረት ጨውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይጨመራሉ፤ ብርሃንም ይረዳቸዋል። የሚፈጠረው ያው ሃይድሮክሲል ራዲካል ነው፣ ግን በጣም ይፈጥናል። በምትኩ ኬሚካል በየጊዜው መግዛት ይጠይቃል። ውሃውንም አሲዳማ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የተመቸው ፒኤች 2.8 አካባቢ ነው። በኋላም ገለልተኛ ማድረግ አለ።

ደጋፊዎችና ተጠራጣሪዎች

የሽፋኑ ደጋፊዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሽፋን አንዴ ከተገጠመ ኬሚካል አይጠይቅም። መብራት ባይኖርም ይሠራል። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ልዩ ከሰል መርዙን ይይዛል እንጂ አያፈርስም፤ ከሞላ በኋላ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል። ሽፋኑ ግን ያፈርሳል። አገራችንም ለፀሐይ ምቹ ናት። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አልትራቫዮሌት ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ተጠራጣሪዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ካርቦን ዛሬ ይገዛል፣ ዛሬ ይሠራል፣ ማታም ደመናም አይገታውም ይላሉ። ሽፋን በሜትር ኩብ ሲሰላ ሰፊ የመስታወት ገጽ ይፈልጋል። ይቆሽሻል፣ ይላጣል። የላጠው ቅንጣት የት እንደሚገባም መታወቅ አለበት። ዱቄቱ ወደ ሳንባ ሲገባ ለሰው ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ተብሎ ተመድቧል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 በምግብ ውስጥ መጨመሩን ከልክሏል። በመስታወት ላይ የተጣበቀ ሽፋን ከሚተነፈስ አቧራ ጋር አንድ አይደለም፤ ስጋቱ የሚመለከተው በተለይ ሲመረትና ሲወገድ ነው።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እኔ ለአነስተኛ ገበሬ የምደግፈው እሱን ነው። ከስዊድን የመጣ ባዮቤድ የሚባል ዘዴ ነው። በጉድጓድ ውስጥ ጭድ፣ አፈርና ፒት (ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ የተክል ብስባሽ) ወይም ኮምፖስት ተደባልቆ ይሞላል። መርጫው የታጠበበት ውሃ እዚያ ላይ ይፈሳል። መርዙን በጊዜ ሂደት የሚሰብሩት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው። ለጭዱም ሆነ ለአፈሩ ከውጭ የሚመጣ ነገር የለም። ይዘገያል፤ ለከባድ መጠንም አይሆንም። ግን መቂ ላይ ሁለት ጥማድ ቲማቲም ለሚያለማ ሰው ከተሸፈነ መስታወት ይልቅ ይቀርበዋል።

እኛ ጋ ቦታው የት ነው?

መርዙ ወደ ውሃው የሚገባባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ከማሳ በዝናብ የሚታጠበውን ሽፋን አይደርስበትም። እሱን የሚቀንሰው የርጭቱን መጠን መቆጣጠርና በእርሻውና በውሃው መካከል ሣርና ዛፍ ያለበት ክፍት መሬት መተው ነው። የጀርባ መርጫን ቦይ ዳር ማጠብ ደግሞ በልማድና በምክር የሚስተካከል ነው። የመድኃኒት ዕቃን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን እዚያው መርጫ ውስጥ ጨምሮ ማሳ ላይ መርጨት ምንም ወጪ የለውም። አዋጅ ቁጥር 674/2002 የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥርን ደንግጓል፤ የሚጎድለው ገበሬው ዘንድ የሚደርስ ክትትል ነው።

ሽፋኑ ሊሞከር የሚገባው እጣቢው በአንድ ቦታ በሚጠራቀምበት ግቢ ነው። ትልልቅ የአበባ ግሪንሃውሶች፣ የመርጫ ማሽን ማጠቢያ ያላቸው እርሻዎች፣ የተሰበሰቡ ባዶ ዕቃዎች የሚታጠቡበት ቦታ። እዚያም ብቻውን አይደለም። መጀመሪያ ደለሉ ይጣራል፣ ከዚያ በሽፋኑ ላይ ውሃው በስሱ እየፈሰሰ ደጋግሞ ይዞራል፣ በመጨረሻ ደንገልና ሸምበቆ ወዳለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ይገባል። ከሽፋኑ የተረፉት ስባሪዎች ለባክቴሪያ ከመጀመሪያው መርዝ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቀላሉ።

እንዲህ ያለ ሙከራ ቢደረግ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መቆየት አለበት። በበጋ በመስኖ ለሚለማው ቲማቲምና ሽንኩርት ፀረ-ነፍሳት ሲረጭ ፀሐዩም ጠንካራ ነው፤ ያኔ ውጤቱ ያምራል። በክረምት ግን ዋግና ሻጋታ ስለሚበረታ የፈንገስ መድኃኒት ይበዛል፤ ሰማዩም የሚደመነው፣ ውሃውም የሚደፈርሰው ያኔው ነው። የሐምሌና የነሐሴ ቁጥሮች ከጥርና ከየካቲት ቁጥሮች ጎን ተቀምጠው፣ አጠቃላይ ካርቦኑና የዳፍኒያው ሙከራ ተጨምሮበት፣ የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ወጪም ተሰልቶ ካልቀረበ በቀር ለአንድ እርሻ ግዛው ወይም ተወው ብሎ መምከር አይቻልም።